ያልመጡትን ማን ይቆጥራል?

በስፖርት ዓለም ሊደፈሩ አይችሉም ከሚባሉት ሪኮርዶች አንዱ የተመዘገበው ብዙዎቻችን በማንከታተለው ጨዋታ ነው። በ1945 ባይረን ኔልሰን የተባለ የቴክሳስ ሰው በአሜሪካ የፕሮፌሽናል ጎልፍ ውድድር 11 ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዓመቱ ሲጠቃለል የድሎቹ ቁጥር 18 ደረሰ፤ 7 ጊዜ ደግሞ ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወደ ተከታታይ ድሉ በጣም የቀረበው በ2006 እና በ2007 መካከል 7 ጊዜ ያሸነፈው ታይገር ዉድስ ነው።

ይሁንና የኔልሰን ስም በተነሣ ቁጥር አንድ ሹክሹክታ ይከተለዋል። «ጊዜው እኮ የጦርነት ነበር። እነማንን ነው ያሸነፈው?» ይባላል። የዚህ ጽሑፍ መነሻም ይኸው ጥያቄ ነው፤ ጥያቄው የጎልፍ ብቻ ሳይሆን የእኛም ነውና።

በመጀመሪያ ስለ ሰውየው ጥቂት እንበል። ኔልሰን የተወለደው በ1912 ከገበሬ ቤተሰብ ነው። በልጅነቱ ፎርት ወርዝ በተባለው ከተማ በሚገኝ የጎልፍ ክበብ የተጫዋቾችን የዱላ ከረጢት እየተሸከመ ሳንቲም ይለቅም ነበር። እዚያው ክበብ ውስጥ ከረጢት ይሸከም የነበረ ሌላ እኩያውም ነበረ፤ ቤን ሆገን ይባላል። ሁለቱም ኋላ የዘመናቸው ታላላቅ ተጫዋቾች ሆኑ። ጦርነቱ ሲመጣ ሆገን አየር ኃይል ገባ። ኔልሰን ግን ደሙ ቶሎ የማይረጋ በመሆኑ በሕክምና ምርመራ ከውትድርና ተመለሰ። የቅርብ ጓደኛው ጃግ ማክስፓደንም እንዲሁ በጤና ምክንያት ቀርቶ ነበር። ሁለቱ በጦርነቱ ዓመታት አገሪቱን እየዞሩ ለቀይ መስቀልና ለጦርነቱ ቦንድ ሽያጭ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ጨዋታ ያሳዩ ነበር።

የ1945 የውድድር ዘመን ሽልማትም የሚከፈለው በዚሁ ቦንድ ነበር። 100 ዶላር የተጻፈበት ቦንድ መሸጫው 75 ዶላር ሲሆን፣ ሙሉውን ዋጋ ለማግኘት 10 ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋል። የኔልሰን የዓመቱ ሽልማት በወረቀት ከ63,000 ዶላር በላይ ቢሆንም ኪሱ የገባው ከዚያ ያነሰ ነው።

ታዲያ ሰውየው ምን አተጋው? ከብት! ኔልሰን ከባለቤቱ ጋር የከብት እርባታ የሚሆን መሬት ገዝቶ መኖር ነበር ሕልሙ። እያንዳንዱን ድል ሲቆጥር አንድ ላም፣ ጥቂት ተጨማሪ መሬት እያለ እንደነበር ኋላ ራሱ ተናግሯል። ጨዋታውን በማስታወሻ ደብተር የሚመዘግብ ሰውም ነበር። የ1944ቱን መዝገብ ሲያገላብጥ ሁለት ጉድለት አገኘ፤ አንደኛው ከጉድጓዱ አጠገብ የሚመታቸው አጫጭር ምቶች ደካማነት፣ ሁለተኛው በግድየለሽነት የሚያባክናቸው ምቶች ናቸው። በ1945 እነዚህን ሁለቱን ለማረም ቆርጦ ተነሣ።

የድሉ ሰንሰለት የጀመረው በመጋቢት ወር ማያሚ ላይ፣ ከማክስፓደን ጋር ተጣምሮ በተጫወተበት ውድድር ነው። ቀጥሎ ሻርሎት ላይ ከሳም ስኒድ ጋር እኩል ወጥተው በተጨማሪ ጨዋታ አሸነፈው። ከዚያ ግሪንስቦሮ፣ ደራም፣ አትላንታ፣ ሞንትሪያል፣ ፊላዴልፊያ፣ ቺካጎ እያለ ሄደ። በዓመቱ ከተካሄዱት ውድድሮች ትልቁ በሆነውና ሰው ከሰው ጋር እየተጋጠመ በሚጠፋፋበት ሻምፒዮና ላይ፣ 4 ጉድጓዶች ሲቀሩ ማይክ ተርኔሳ በ2 ይመራው ነበር። ኔልሰን ግን በቀሩት ጉድጓዶች አገላብጦት በ1 አሸነፈ፤ ዋንጫውንም ወሰደ። 11ኛው ድል በነሐሴ መግቢያ ላይ በካናዳ ተገኘ፤ ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ የተጣለው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። በዚያው ወር ሜምፊስ ላይ ፍሬድ ሃስ የተባለ፣ ያውም ገንዘብ የማይከፈለው አማተር፣ ሰንሰለቱን በጠሰው። ኔልሰን በአራተኛነት ጨረሰ።

እንግዲህ ወደ ሹክሹክታው እንመለስ። ሹክሹክታው ፍጹም ሐሰት አይደለም። ብዙ ተጫዋቾች በውትድርና ላይ ነበሩ። ስመ ጥሩ የማስተርስ ውድድር ቆሞ፣ የኦገስታ ሜዳ በጦርነቱ ጊዜ ከብትና የፈረንጅ ዶሮ ተሰማርቶበት ነበር። የአሜሪካና የብሪታንያ ኦፕን ውድድሮችም በዚያ ዓመት አልተካሄዱም።

ይሁንና በጎልፍ ውስጥ ሐሜት የማይበግረው አንድ ምስክር አለ፤ እሱም ሜዳው ነው። በአብዛኛው የጎልፍ ውድድር ተጫዋቹ ኳሷን በትንሹ የምት ቁጥር 18 ጉድጓድ ውስጥ ማስገባት ነው ሥራው። ተፎካካሪው ኖረም አልኖረም ሜዳው አይጠብም፣ ጉድጓዱም አይሰፋም። ኔልሰን በዓመቱ በአንድ ዙር በአማካይ 68.33 ምት ነው የመታው። ከዚያ ያነሰ አማካይ የተመዘገበው ከ55 ዓመት በኋላ በ2000 ነው። ደግሞስ ሁሉም መች ጠፉ? ስኒድ በዚያ ዓመት 6 ጊዜ አሸንፏል። ሆገንም በመጨረሻ መጣና ፖርትላንድ ላይ በ72 ጉድጓድ 261 ምት መትቶ ኔልሰንን በ14 ምት ቀጣው። ኔልሰን በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ሲያትል ላይ 259 መትቶ መለሰ።

ይህን ክርክር ሳነብ በሐሳቤ የሚመጣብኝ ምሩጽ ይፍጠር ነው። ማርሽ ቀያሪው በ1980 ሞስኮ ላይ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያጠልቅ አሜሪካ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ኬንያና ሌሎችም በአፍጋኒስታን ወረራ ሰበብ አልመጡም ነበር። «ያልመጡት ቢመጡ ኖሮ» የሚሉ ሰዎች ዛሬም አሉ። ለመሆኑ ከ4 ዓመት በፊት በ1976 ሞንትሪያል ላይ ያልመጣው ማን ነበር? ራሱ ምሩጽ ነው! የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ዘረኛዋ ደቡብ አፍሪካ በመሄዱ ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና ውድድሩን ጥላ ወጥታለች። በዚያ ኦሊምፒክ ሁለቱንም ወርቅ የወሰደው ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን ነበር። ሞስኮ ላይ ቪረን ከምሩጽ ጋር በ10,000 ሜትር ተሰለፈ። ምሩጽ አንደኛ፣ መሐመድ ከድር ሦስተኛ፣ ቶሎሳ ቆቱ አራተኛ ሲወጡ ቪረን አምስተኛ ሆነ። በ1977 እና በ1979 የዓለም ዋንጫም ምሩጽ ሁለቱን ርቀት ደርቦ አሸንፏል። በእኔ እምነት ባለድሉ በቀረለት ሜዳ ላይ የሠራው ሊመዘንለት ይገባል እንጂ ስለ ሌላው ሰው መቅረት ሊጠየቅ አይገባም።

ክርክሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ግን አላበቃም። ስለ 1945 የሚያወሩት ሰዎች ያልመጡትን ሲቆጥሩ ወታደሮቹን ብቻ ነው የሚቆጥሩት። ከውድድሩ የራቁ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ፤ እነርሱን ያራቃቸው ደግሞ ሕግ ነው።

የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ጎልፈኞች ማኅበር ከ1934 ጀምሮ በመተዳደሪያ ደንቡ አባልነትን ለነጭ ዘር ብቻ ፈቅዶ ነበር። ጥቁር በጎልፍ ሜዳ ላይ የነጭ ከረጢት ተሸክሞ ቢውል ችግር የለም፤ ዱላውን መዝዞ እወዳደራለሁ ሲል ግን ደንብ ይጠቀስበታል። እንደ ቺካጎው ታም ኦሻንተር ያሉ ጥቂት አዘጋጆች በራቸውን ይከፍቱ ነበር፤ የቀረው ዝግ ነው። ቻርሊ ሲፎርድ በጦርነቱ ጊዜ በአሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግሏል። እንግዲህ ይህ ሰው ሁለት ጊዜ ቀሪ ነው፤ አንድ ጊዜ ለአገሩ ሲል፣ ሌላ ጊዜ በአገሩ ሰዎች ተከልክሎ። ሆገን ከውትድርና ሲመለስ ቦታው ጠበቀው። ሲፎርድ ግን የሚመለስበት ቦታ አልነበረውም።

በ1948 ቴድ ሮድስና ቢል ስፒለር የተባሉ ጥቁር ተጫዋቾች ሎስ አንጀለስ ላይ ጥሩ ውጤት አምጥተው በካሊፎርኒያ ሪችመንድ ለሚደረገው ቀጣይ ውድድር መብቃታቸውን ቢያሳዩም፣ አባል አይደላችሁም ተብለው ተመለሱ። ክስ መሠረቱ። ማኅበሩ ቃል ገብቶ ክሱ ተነሣ፤ ውድድሮቹ ከእንግዲህ በግብዣ ብቻ ናቸው በሚል ዘዴ ቃሉ ባዶ ቀረ። ስፒለር የኮሌጅ ዲግሪ ይዞ በሎስ አንጀለስ ባቡር ጣቢያ ሻንጣ የሚሸከም ሰው ነበር። አቤቱታውን ከማሰማት አልቦዘነም። በመጨረሻ ጉዳዩ ከካሊፎርኒያ ዋና ዐቃቤ ሕግ ከስታንሊ ሞስክ ዘንድ ደረሰ። ሞስክ ማኅበሩ ዘር እየለየ በግዛቲቱ ሜዳዎች ሊጫወት እንደማይችል አስታወቀ። በ1961 ደንቡ ተሻረ። ስፒለር በዚያን ጊዜ የመወዳደሪያ ዕድሜው አልፎ ነበር። ሲፎርድ 39 ዓመቱ ነበር፤ ሆኖም በ1967 ሃርትፎርድ ላይ፣ በ1969 ሎስ አንጀለስ ላይ አሸነፈ።

ኔልሰንስ? በ1946፣ በ34 ዓመቱ፣ የዘወትር ውድድሩን ትቶ ሮአኖክ፣ ቴክሳስ በገዛው መሬት ላይ ከብቶቹን ማርባት ያዘ። በ2006 እስኪሞት ድረስ ኑሮው እዚያው ነበር። ሕልሙን በላቡ የገዛ ሰው ነውና ማንም ሊቀማው አይገባም።

ሚዛኑን የምናነሣው ግን ሰውየው ላይ ሳይሆን መዝገቡ ላይ ነው። 68.33ን ያሻሻለው ታይገር ዉድስ አባቱ ጥቁር አሜሪካዊ፣ እናቱ የታይላንድ ተወላጅ ናቸው። በ1945 ቢወለድበት ኖሮ በዚያ ደንብ አባል መሆን አይችልም ነበር። ከእሱ በፊት እንዲህ ያለ እጅ ኖሯቸው የሌላውን ከረጢት ተሸክመው ያረጁ ስንት ነበሩ? መዝገቡ ይህን አይነግረንም። ምቶቻቸውን የቆጠረላቸው ሰው አልነበረምና።