የሐይቅ ዳር ጥሬ

ቢሾፍቱ፣ ሆራ ሐይቅ ዳር ቆሮሶ ጥብስ እየበላን የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ሱሺ በልተው ያውቃሉ?» አለችኝ። አዲስ አበባ ቀምሳው ነው። ጥሬ አሳ ከሆነ ሐዋሳ አሞራ ገደል በዳጣ በልቻለሁ አልኳት። ሳቀች። «እሱማ የሐይቅ ነው፤ ሱሺ የባሕር ምግብ ነው።»

እኔ ከሐዋሳና ከዝዋይ አሳ በመኪና ሳመላልስ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ማለዳ አሞራ ገደል ስደርስ ጀልባ ይገባል፤ ልጆቹ ቅርፊቱን ፍቀው፣ አጥንቱን ለይተው፣ ሥጋውን ከትፈው ያቀርባሉ። ዳጣው አፍ ያቃጥላል፣ ዳቦ ይከተላል። እኔ ግን አንገቴን ወደ መኪናው አዞር ነበር፤ በረዶው ሞጆ ሳልደርስ ከቀለጠ አሳው ዋጋ የለውም። ጾም ሲገባ ደግሞ የሚገዛው ይበዛል፤ በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ ትቼ እኔ እነዳ ነበር።

ቢሾፍቱ ባሕርን የምታውቀው በሐዲድ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በዚህ አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። አሳው ግን ከቅርብ ነው። ሐይቆቻችን እሳተ ገሞራ የፈነዳባቸው ጉድጓዶች ናቸው፤ የባቦጋያንም ሆነ የሆራን ቆሮሶ ያስገባው የሰው እጅ ነው። በ1952 ዓ.ም. አዋሽ ሲገደብ ቆቃ ሌላ የአሳ ቤት ሆነ።

ልጅቷ ባሕር ባሕር ስትለኝ የማውቀውን ነገርኳት። ጃፓኖች ከሚያውቁት ሱሺ ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ የሚሠራው ቢዋ በሚባል የመሐል አገር ሐይቅ ዳር ነው፤ ውኃው ጨው የለውም። አሳው ከዱባ አሳ ጋር የሚዛመድ ነው፤ የዚያ ወገን ከጊዜ በኋላ ዝዋይም ገብቷል። ለወራት በጨው ይቀመጣል፣ ከዚያ ከተቀቀለ ሩዝ ጋር ተጠቅጥቆ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ሩዙ ይኮመጥጣል፣ አሳው እንዳይበሰብስ ይጠብቀዋል፤ ድሮ ሩዙን ይጥሉት ነበር፣ የሚበላው አሳው ነው። ጥሬ ቢሆንም ትኩስ አይደለም። እንደኔ ከሆነ ከአሞራ ገደል ይልቅ ለቆጮ ጉድጓድ ይቀርባል፤ እናቴ የእንጀራ ሊጥ ስታኮመጥጥ ብታየው ወዲያው ይገባት ነበር።

የዛሬው ጣት የምታህል ሱሺ የመጣችው ዘግይታ ነው። በፈረንጆቹ በ1820ዎቹ ኤዶ፣ ዛሬ ቶኪዮ የምትባለው ከተማ፣ ሃናያ ዮሄይ የሚባል ሰው ሩዙን በኮምጣጤ ለውሶ፣ አሳ ደርቦ፣ ለቸኮለ ሰው ሸጣት ይባላል። ዓመት የሚጠበቀው ነገር በደቂቃ የሚበላ ሆነ።

ስለ ጥሬ ከጠየቃችሁኝ እኔ ተውኩት። የስምጥ ሸለቆ አሳ ሆዱ ሲቀደድ ትል አይቼበታለሁ። ትሉን የሚገድለው ወይ ማብሰል ነው፣ ወይ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሰባት ቀን ማቀዝቀዝ፤ ሎሚና ሚጥሚጣ አይገድለውም። የሐይቅ ዳር ልጆች ይህን ስነግራቸው «ጋሼ ፈርተው ነው» ይሉኛል። ፈርቼም ነው።

ልጅቷ ዝም ብላ የአሳውን አጥንት ስትለቅም ቆየችና አስተናጋጁን ጠራችው።

«ሩዝ አላችሁ?»

«አለ።»

«ዳጣስ?»

«እሱ ከሐዋሳ ካልመጣ የለም።»

እኔን አየችኝ። መኪናውን ከሸጥኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል።