ስፑለር፦ የኅትመት ተራ አስከባሪ

በጋራ ፕሪንተር በሚሠሩ ቢሮዎች «ፕሪንተሩ ተበላሽቷል» ሲባል ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ምንም አልሆነም። ወረቀት አለው፣ ቶነር አለው፣ አረንጓዴ መብራቱም በርቷል። የቆመው በሠራተኛው ኮምፒውተርና በማሽኑ መካከል ያለ አንድ ፕሮግራም ነው። በዓይን ስለማይታይ ስሙን ከአይቲ ባለሙያው በቀር የሚያነሳው የለም። በእንግሊዝኛ ስፑለር ይባላል፤ በአማርኛ «የኅትመት ተራ አስከባሪ» ብንለው ሥራው ወዲያው ይገባናል ብዬ አምናለሁ።

«ፕሪንት» የሚለውን ስንጫን ሰነዱ በቀጥታ ወደ ፕሪንተሩ አይሄድም። ስፑለሩ ይቀበለውና ዲስክ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ተራ ይሰጠዋል፤ ማሽኑ ነጻ ሲሆን እንደ አቅሙ ያቀብለዋል። እኛም ወረቀቱ እስኪወጣ ሳንጠብቅ ወርድን ዘግተን ሌላ ሥራ እንቀጥላለን። ሐሳቡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አካባቢ፣ አንድ ግዙፍ ኮምፒውተር የብዙ ሰው ሥራ በሚሠራበት ዘመን ነው። የኮምፒውተሩ ሰዓት እጅግ ውድ ነበር፤ ፕሪንተሩ ደግሞ አዝጋሚ። ውዱ አዝጋሚውን ቆሞ እንዳይጠብቅ ውጤቱ መጀመሪያ በቴፕ ወይም በዲስክ ላይ ይቀመጥና ኅትመቱ በራሱ ጊዜ ይካሄድ ነበር።

ስፑለር የሚለውን ቃል ቀጥታ እንተርጉመው ካልን «ማጠንጠኛ» ይሆናል። ዛሬ ግን የሚጠነጠን ቴፕ ስለሌለ ለአንባቢ ምንም አይነግረውም። «ወረፋ» እንበለው የሚሉም አሉ። ወረፋ ግን ሰልፉ ነው፤ ሰልፉን የሚይዘው ሌላ ነው። ታክሲ ተራ ላይ ያለውን ተራ አስከባሪ እናስብ፦ መኪና አይነዳም፣ የተሳፋሪውንም መንገድ አይመርጥም፤ ማን ቀድሞ እንደመጣ ግን ያውቃል፣ የሚቀጥለውን ያስጠጋል። እሱ ከሌለ መኪናውም ተሳፋሪውም እያሉ ጉዞ የለም። ስለዚህ ሰልፉን «ወረፋ»፣ የተሰለፈውን ሰነድ «ሥራ»፣ ስፑለሩን «ተራ አስከባሪ» ማለት ይበቃል።

በዊንዶውስ ላይ ይህ ተራ አስከባሪ «ፕሪንት ስፑለር» የሚባል ሰርቪስ ሲሆን ሥራዎቹን የሚያስቀምጥበት ፎልደር አለው፤ ከሲ ድራይቭ ጀምሮ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ስፑል፣ ፕሪንተርስ እያሉ ሲገቡ ይገኛል። እያንዳንዱ ሥራ እዚያ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ፋይል ሆኖ ይቀመጣል። በኤስፒኤል የሚያልቀው የሚታተመውን ይዘት ይይዛል፤ በኤስኤችዲ የሚያልቀው የማን ሥራ እንደሆነ፣ ወደ የትኛው ፕሪንተር እንደሚሄድና በምን ዓይነት አሠራር እንደሚታተም ይመዘግባል። ፋይሎቹ ያሉት ዲስክ ላይ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም አይጠፉም። የወሩ መጨረሻ ላይ በፋይናንስ ክፍል የሚሆነውን እንይ። የደመወዝ ሰነዱ ተላከ፣ አልወጣም። ደግሞ ተላከ። መብራት ሄደ፣ መጣ፤ ሠራተኛዋ እንደገና ተጫነች። ከዚያ መንገዱ ሲከፈት ያው ሰነድ ተከታትሎ ይወጣል፤ ሦስቱም ቅጂ ላይ የሁሉም ደመወዝ አለ፤ ወረቀቱም የሚወርደው ኮሪደር ላይ ባለው የጋራ ማሽን ነው።

ስለዚህ ሰነድ አልወጣ ሲል ደግሞ ከመጫን በፊት ወረፋውን ከፍቶ ማየት ነው። ከፊት የቆመ የተበላሸ ሥራ ካለ እሱን ብቻ መሰረዝ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ተሰርዞም «ዲሊቲንግ» እያለ ከቀረ ወደ ሰርቪሶቹ መስኮት ገብቶ ስፑለሩን ማቆም፣ በዚያ ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ማጥፋት፣ ከዚያ ስፑለሩን መልሶ ማስነሳት ነው። ፎልደሩ ራሱ አይጠፋም፤ ውስጡ ብቻ ነው የሚጸዳው። በሰርቨር ላይ ይህ ሲደረግ የሁሉም ሰው ሥራ አብሮ ስለሚጠፋ ከማጽዳት በፊት ለቢሮው መናገር ግድ ነው። ቸኩሎ ማጽዳት የሌላውን ሰው ሰነድ መጣል ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን ተራ አስከባሪው የት ይቀመጥ የሚለው ነው። የመጀመሪያው መንገድ በብዙ ትናንሽ ቢሮዎች የሚታየው ነው፦ ፕሪንተሩ በዩኤስቢ ገመድ የጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ በኔትወርኩ ለሌላው ይጋራል። ርካሽና ፈጣን ነው፤ ግን ጸሐፊዋ ለምሳ ስትወጣ ኮምፒውተሩ ከተዘጋ ወይም እንቅልፍ ከገባ ቢሮው ሁሉ ይቆማል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ፕሮ ደግሞ ከ20 በላይ መሣሪያዎችን በአንድ ጊዜ እንዲያስተናግዱ አልተፈቀደም። ኅትመቱ ሲቆም ሰው ፍላሽ ይዞ ወደ ጸሐፊዋ መሄዱ አይቀርም፤ ሰነዱ በድሮው ፓወር ግዕዝ ተጽፎ ፎንቱ እዚያ ከሌለ ፊደሉ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ይወጣል። ሰነዱን ከጻፉበት ኮምፒውተር ላይ ፒዲኤፍ አድርጎ መላክ ይህን ያስቀራል።

ሁለተኛው መንገድ ኔትወርክ ያለውን ፕሪንተር እያንዳንዱ ኮምፒውተር በአይፒ አድራሻው በቀጥታ እንዲያገኘው ማድረግ ነው፤ ብዙ ጊዜ በፖርት 9100 በኩል። አራት አምስት ሰው ላለበት ቢሮ ይህን እመርጣለሁ፤ የሚደገፍበት ሌላ ኮምፒውተር የለምና። ሰው ሲበዛ ግን ችግሩ ይመጣል፦ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ ተራ አስከባሪ አለው፣ የጋራ ወረፋ ግን የለም። የእኔ ሥራ ከማን ኋላ እንደቆመ ከእኔ ኮምፒውተር አይታይም። ማሽኑን የያዘው የሁለት መቶ ገጽ ሪፖርት የማን እንደሆነም የሚናገር የለም።

ሦስተኛው መንገድ ፕሪንት ሰርቨር ነው፤ ሁልጊዜ የበራና ዩፒኤስ ያለው አንድ ማሽን የሁሉንም ሥራ ተቀብሎ ያሰልፋል። ድራይቨሩም (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ወረፋውም በአንድ ቦታ ይያዛል። ሰው ከበዛ ከዚህ የተሻለ የለም። የግድ ዊንዶውስ ሰርቨር መግዛትም አያስፈልግም። ሊኑክስ ላይ ካፕስ የሚባለው ነጻ ሥርዓት ይህንኑ ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ወጥቶ በ2002 አፕል ለማክ የተቀበለው እሱ ነው።

የትኛውም ቢመረጥ ፕሪንተሩ የማይለወጥ አይፒ አድራሻ ይኑረው። ራውተሩ በዲኤችሲፒ ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ አድራሻ ከሰጠው ስፑለሩ ማንም በሌለበት በር ያንኳኳል፤ «ኦፍላይን» የሚለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። አድራሻውን በራውተሩ ላይ ለፕሪንተሩ ማስያዝ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ወረፋውን ማን ይንካው? ዊንዶውስ ለተጋራ ፕሪንተር ሦስት ፈቃዶች አሉት፦ ማተም፣ ሰነዶችን ማስተዳደር፣ ፕሪንተሩን ማስተዳደር። መነሻ ቅንብሩ ካልተለወጠ ማንኛውም ሠራተኛ የላከውን የራሱን ሥራ መሰረዝ ይችላል፤ የሌላውን ግን አይችልም። በየክፍሉ ለአንድ ኃላፊነት ለሚሰማው ሰው ሁለተኛውን ፈቃድ መስጠት ይገባል። አይቲው ከሌላ ፎቅ እስኪመጣ ድረስ የክፍሉ ሥራ መቆም የለበትም።

ሁሉም ሰው ወረፋውን ማየት መቻሉም ትልቅ ነገር ነው። በኤምአይቲ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን የጋራውን ፕሪንተር ሶፍትዌር ቀይሮት ነበር፤ ወረቀት ሲጣበቅ ተራ ለሚጠብቁት ሁሉ መልእክት ይደርሳቸዋል፣ አንዱ ሄዶ ያላቅቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ከዜሮክስ በመጣው አዲስ ሌዘር ፕሪንተር ላይ ግን የሶፍትዌሩ ምንጭ ኮድ ስላልተሰጠው ያንን መድገም አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ ላደረገው ግኑ ለተባለው የነጻ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ካነሳሱት ነገሮች አንዱ አድርጎ ይህን ታሪክ ሲናገር ኖሯል። የጠየቀው ነገር ቀላል ነበር፤ የሚጠብቅ ሰው ለምን እንደሚጠብቅ ይወቅ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ተራ አስከባሪው በዊንዶውስ ላይ የሚሠራው በከፍተኛው ሥልጣን ነው፤ ከኔትወርኩም ትእዛዝ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው ስታክስኔት የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ከተስፋፋባቸው መንገዶች አንዱ በስፑለሩ ላይ የነበረ ክፍተት ነው። በ2021 ደግሞ «ፕሪንትናይትሜር» የተባለው ክፍተት ተገለጠ፤ በኔትወርኩ ውስጥ ተራ አካውንት ያለው ሰው በሌላ ማሽን ላይ ሙሉ ሥልጣን ሊይዝ ይችል ነበር። ማይክሮሶፍት ወርኃዊ የዝመና ቀኑን ሳይጠብቅ ሐምሌ ውስጥ ማስተካከያ አወጣ። በነሐሴ ወር ከወጣው ዝመና በኋላ ደግሞ የጋራ ፕሪንተር ድራይቨር ለመጫን የአስተዳዳሪ ፈቃድ ግድ ሆነ። ቀድሞ ፕሪንተር ራሱ ይጨምር የነበረ ሠራተኛ አሁን የይለፍ ቃል የሚጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንድ ባለሙያዎች ጭቅጭቁን ለማስቀረት ይህን መከላከያ በሬጅስትሪ ያጠፉታል፤ ይህን የሚያደርግ ሰው የተደፈነውን ክፍተት መልሶ እየከፈተ ነው። ድራይቨሩን አስቀድሞ ከማዕከል ማሰራጨት ይሻላል።

ፕሪንተር በማያጋራ ሰርቨር ላይ፣ በተለይ የመላው ድርጅት አካውንት በሚያዝበት ዶሜይን ኮንትሮለር ላይ፣ ስፑለሩ ፈጽሞ መጥፋት አለበት፤ ማይክሮሶፍትም የሚመክረው ይህንኑ ነው። በፕሪንት ሰርቨሩ ላይ ደግሞ በእያንዳንዱ ፕሪንተር ቅንብር ውስጥ «ኪፕ ፕሪንትድ ዶክዩመንትስ» የሚለው ምልክት እንዳልተደረገበት ይታይ። ምልክት ካለበት የታተመው ሁሉ፣ የደመወዝ ዝርዝሩም የቅጣት ደብዳቤውም፣ ከታተመ በኋላ በዚያ ፎልደር ውስጥ ይቀራል።