ሴክሪቲን፦ በኦቲዝም ሕክምና ታሪክ ተስፋና ማስረጃ የተፋጠጡበት ጊዜ

ዊሊያም ቤይሊስና ኧርነስት ስታርሊንግ የተባሉት የሥነ ፍጥረተ አካል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1902 ለንደን ውስጥ ሴክሪቲንን ሲያገኙ ግኝቱ የሚመለከተው የምግብ መፈጨትን ብቻ ነበር። ሴክሪቲን ከትንሹ አንጀት የላይኛው ክፍል በደም አማካይነት ወደ ቆሽት ደርሶ የጨጓራን አሲድ የሚያለዝብ ፈሳሽ እንዲመነጭ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ነው። ስታርሊንግም እ.ኤ.አ. በ1905 እንዲህ ላሉት መልእክተኞች «ሆርሞን» የሚለውን ስያሜ አወጡ። ከዘጠና ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ ይኸው ንጥረ ነገር የብዙ ሺህ ወላጆች ተስፋ ይሆናል ብሎ የገመተ አልነበረም።

ተስፋው ለምን ያን ያህል እንደበረታ ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን ማየት ያስፈልጋል። ዶክተር ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 የ11 ሕፃናትን ሁኔታ በዝርዝር ጽፈው ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቁ። በቀጣዮቹ ዓመታት ግን ብዙ የሥነ አእምሮ ባለሙያዎች የችግሩ ምንጭ የእናት ፍቅር ማጣት ነው በማለት ጥፋቱን በወላጆች ላይ ጣሉ። ይህን አስተሳሰብ ከተቃወሙት መካከል ቀዳሚ የሆኑት የሥነ ልቦና ባለሙያውና ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የነበሩት ዶክተር በርናርድ ሪምላንድ ናቸው። እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ ኦቲዝም ሥነ ሕይወታዊ መሠረት እንዳለው ተከራከሩ። ወላጆች ከወቀሳው ቀስ በቀስ ነጻ ቢወጡም በሐኪሞች ላይ ያደረባቸው ጥርጣሬ ግን አልጠፋም። በመሆኑም ብዙዎች ፊታቸውን ወደ ቫይታሚንና ማዕድናት፣ ወደ ልዩ የአመጋገብ ሥርዓትና ወደሌሎች «ተፈጥሯዊ» የተባሉ አማራጮች አዞሩ።

የሴክሪቲን ዜና የመጣው በዚህ መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚሠሩ ሐኪሞች ሥር የሰደደ የሆድ ሕመም የነበራቸውን ኦቲዝም ያለባቸው ሦስት ልጆች ታሪክ አሳተሙ። ልጆቹ ሴክሪቲን የተሰጣቸው ለሕክምና ሳይሆን የቆሽታቸውን አሠራር ለመመርመር ነበር። ይሁን እንጂ በአምስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ የሆድ ሕመማቸው ከመቃለሉም በላይ ሰው ዓይን ማየት እንደጀመሩና ንግግራቸው እንደተሻሻለ ተዘገበ። ወሬው በዚያው ዓመት በቴሌቪዥን ሲሰራጭ ፈላጊው በዛ፤ ከአሳማ አንጀት የሚዘጋጀው መድኃኒትም እጥረት አጋጠመው። በማስረጃነት የቀረቡት ግን ሦስት ልጆች ብቻ ነበሩ፤ ለማነጻጸሪያ የሚሆን ሌላ ቡድንም አልነበረም።

ማነጻጸሩ የተከናወነው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዶክተር አድሪያን ሳንድለርና ባልደረቦቻቸው 60 ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ፤ ለአንደኛው ቡድን ሴክሪቲን፣ ለሁለተኛው ደግሞ ተራ የጨው ውሃ አንድ ጊዜ በደም ሥር ሰጡ። ለየትኛው ልጅ የትኛው እንደተሰጠ ወላጆችም ሆኑ ገምጋሚዎች አያውቁም ነበር። ከአራት ሳምንት ክትትል በኋላ በሁለቱም ቡድኖች መሻሻል ታየ፤ ሴክሪቲን ከጨው ውሃው አልበለጠም። ልጆች ከዕድሜ ጋር ይለወጣሉ፤ የኦቲዝም ምልክቶች አንድ ሰሞን ይበረታሉ፣ ሌላ ሰሞን ይቀላሉ፤ ለውጥን በጉጉት የሚጠብቅ ዓይንም ትንሹን ለውጥ አጉልቶ ያያል። የጨው ውሃ የተሰጣቸው ልጆች ባይኖሩ ኖሮ ይህ ሁሉ የሴክሪቲን ውጤት ተደርጎ በተቆጠረ ነበር።

ከጥናቱ ውጤቶች ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ሌላው ነው። ውጤቱ ከተነገራቸው ወላጆች መካከል 69 በመቶ የሚሆኑት አሁንም ለሴክሪቲን ፍላጎት እንዳላቸው ገለጹ። ይህን እንደ አላዋቂነት መቁጠር ስሕተት ነው። ማስረጃው ተስፋቸውን ሲወስድባቸው በምትኩ የሰጣቸው ነገር አልነበረምና። ኋላ የተካሄዱት ጥናቶችም ድምዳሜውን አጸኑ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ከ900 በላይ ልጆች የተሳተፉባቸውን 16 ጥናቶች መርምሮ ሴክሪቲን እንደሚጠቅም የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም።

ተፈጥሯዊ መባል የደኅንነትም ሆነ የፈዋሽነት ዋስትና አለመሆኑን ሁለት ሌሎች ታሪኮች ያሳያሉ። «ሰውነትን ከብረታ ብረት ማጽዳት» በሚል ስም በደም ሥር በሚሰጥ ኬሚካል ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የአምስት ዓመት ልጅ በደሙ ውስጥ ያለው ካልሲየም አሽቆልቁሎ ሕይወቱ አለፈ። በአንጻሩ ሜላቶኒን የተባለው የእንቅልፍ ሆርሞን በዚያው ጥብቅ ሚዛን ተመዝኖ ጥቅሙ ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2012 በብሪታንያ የታተመና የእድገት ችግር ያለባቸው 146 ልጆች የተሳተፉበት ጥናት ሜላቶኒን ልጆቹ ቶሎ እንዲተኙ እንደሚረዳ አሳይቷል። ሜላቶኒን ኦቲዝምን አያድንም፤ ለደከመ ቤተሰብ ግን የሌሊት ዕረፍት ቀላል ነገር አይደለም።

ይህ ታሪክ በኢትዮጵያ ለሚሠራ ሐኪምም ሩቅ አይደለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲመሠርቱ ልጆቻቸውን ከጎረቤት ዓይን የሚሸሽጉ ወላጆች ጥቂት አልነበሩም። ከጠበል ወደ ባህል መድኃኒት፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል የሚመላለስ ወላጅ ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ ያደረገውን ሁሉ ሳይፈራ ሊናገር ይገባዋል። የተነቀፈ ወላጅ ይደብቃል፤ የተደበቀ መድኃኒት ደግሞ ይጎዳል። የሐኪሙ ኃላፊነት የማይጠቅመውን «አይጠቅምም» በማለት አያበቃም፤ የልጁን እንቅልፍ፣ የሆድ ድርቀትና የሚጥል ሕመም መርምሮ ማከም፣ ለንግግርና ለትምህርት ድጋፍ መንገድ ማሳየትም ይጠበቅበታል። የ1999ኙ ጥናት ወላጆች ተስፋቸውን ያልተዉት ይህን የመሰለ ምትክ ስላልቀረበላቸው ነበር።