ብቻውን የሚሠራ ሰውና የሎንዶን ቡና ቤቶች



አንድ ሰው አለቃም ሸሪክም ሳይኖረው፥ በገዛ እጁና በገዛ ገንዘቡ ሥራ ሊያቆም ሲነሣ፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስጨንቀው የገንዘብ ማነስ ነው። የገንዘብ ማነስ በእውነት ችግር ነው። ዳሩ ግን ብቻውን የሚሠራውን ሰው ከዚህ ይልቅ የሚጐዳው ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም የገበያውን ወሬ ሳይሰማ መቅረቱ፥ ታማኝነቱን የሚመሰክርለት ማጣቱ፥ ጉዳት ሲደርስበትም ሸክሙን የሚካፈለው አለመኖሩ ነው። ይህ ችግር ዛሬ የተፈጠረ አይደለም፤ መድኃኒቱም ዛሬ የተገኘ አይደለም። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የነበሩት የሎንዶን ነጋዴዎች ነገሩን እንዴት እንደ ተወጡት ብንመለከት ብዙ ትምህርት እናገኝበታለን።

ታሪኩ የሚጀምረው ከቡና ነው። የቡና ዛፍ ከጥንት ጀምሮ በአገራችን በኢትዮጵያ ደን ውስጥ የሚበቅል መሆኑ የታወቀ ነው። ቡና ከዚህ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ገባ፤ ከየመንም ወደ ቱርኮች ግዛት ተሠራጨ። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1652 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ፓስኳ ሮዜ የተባለ የአንድ ነጋዴ አገልጋይ የነበረ ሰው በሎንዶን የመጀመሪያውን ቡና ቤት ከፈተ። ከዚያ በኋላ ቡና ቤቶች በከተማው ውስጥ በዙ። አንድ ፔኒ የከፈለ ሰው ቡናውን እየጠጣ፥ ጋዜጣ እያነበበና ወሬ እየሰማ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ይችል ነበር። ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ በዚያ የሚነገረውን ወሬ ስለ ፈራ በ1675 ዓ.ም. መጨረሻ ቡና ቤቶች ሁሉ ይዘጉ ብሎ አዋጅ አስነገረ፤ ነገር ግን የሕዝቡ ተቃውሞ ስለ በረታ አዋጁ ከመጽናቱ በፊት ተሻረ።

ከነዚህ ቡና ቤቶች አንዱ ኤድዋርድ ሎይድ የተባለ ሰው በቴምዝ ወንዝ አጠገብ በታወር ጐዳና የከፈተው ነው። ቤቱ በ1680ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ታውቆ ነበር፤ በ1691 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሎምባርድ ጐዳና ተዛወረ። የመርከብ አዛዦች፥ የመርከብ ባለቤቶችና ዕቃ ላኪዎች የሚሰበሰቡት በዚያ ነበር። ሎይድ ራሱ የኢንሹራንስ ነጋዴ አልነበረም፤ የደንበኞቹን ፍላጎት ግን አጥብቆ ተረዳ። ስለዚህ ጠረጴዛና ወንበር፥ ብዕር፥ ቀለምና ወረቀት አዘጋጀላቸው፤ የትኛው መርከብ እንደ ገባና የትኛው እንደ ጠፋ ከወደብ ወሬ የሚያመጡ መልእክተኞች አቆመ፤ በ1696 ዓ.ም. የመርከብ ወሬ የሚያወጣ ጋዜጣ እስከ ማሳተም ደረሰ።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። መርከቡን ወደ ሩቅ አገር የሚልክ ነጋዴ ማዕበልንና የባሕር ወንበዴን ይፈራል። ስለዚህ አንድ ደላላ የመርከቡን ስም፥ የአዛዡን ስም፥ የጭነቱን ዓይነትና መንገዱን በወረቀት ጽፎ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዞራል። አንዱ ነጋዴ አንድ መቶ ፓውንድ፥ ሌላው ሁለት መቶ፥ ሦስተኛው ሃምሳ እያለ፥ ሊካፈል የወደደውን ጉዳት መጠን ከጽሑፉ በታች ከስሙ ጋር ይፈርማል። እንግሊዞች የኢንሹራንስ ሰጪን «ከታች ጸሐፊ» በሚል ቃል መጥራታቸው ከዚህ የመጣ ነው። መርከቡ በደኅና ከተመለሰ እያንዳንዱ የአረቦኑን ድርሻ ያገኛል፤ ከሰጠመ ግን ስለ ፈረመበት ድርሻ እስከ ንብረቱ ድረስ ይጠየቃል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ያገራችን ተረት በሥራ ላይ ውሎ የታየው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል እንለምናለን። እነዚህ ሰዎች የአንድ ኩባንያ ሸሪኮች አልነበሩም፤ እያንዳንዱ ለራሱ የሚነግድ፥ የጐረቤቱም ተፎካካሪ ነበር። ታዲያ ስለ ምን አብረው ተቀመጡ? ስለ ወሬ ነው እንዳንል፥ ወሬ በጋዜጣም ይገኛል። ዋናው ነገር መተያየቱ ነው። በየቀኑ በአንድ ቤት የሚውል ሰው፥ መርከብ በሰጠመ ጊዜ ማን ቃሉን ጠብቆ እንደ ከፈለ፥ ማንስ ፊቱን እንደ ሰወረ በዓይኑ ያያል። በቤቱ ተዘግቶ የሚሠራ ሐቀኛ ሰው ሐቀኝነቱን የሚያውቅለት የለም፤ በሰው መካከል የሚሠራ ግን ስሙ ራሱ ካፒታል ይሆነዋል።

በ1720 ዓ.ም. የእንግሊዝ ፓርላማ የባሕር ኢንሹራንስን ለሁለት ትላልቅ ኩባንያዎች ብቻ ፈቀደ፤ ሌሎች ማኅበሮች በዚህ ንግድ እንዳይገቡ ሲከለክል ለየብቻቸው የሚሠሩትን ሰዎች ግን አልከለከለም። ብዙ ሰው የሎይድ ቤት ነጋዴዎች በኩባንያዎቹ ብርታት ይጠፋሉ ብሎ ሊገምት ይችል ነበር። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ኩባንያዎቹ ጥንቃቄ ሲያበዙ፥ በየጠረጴዛው የተቀመጡት ነጋዴዎች አብዛኛውን ሥራ ወሰዱት።

ይሁን እንጂ አንድነት ሥርዓት ከሌለው ይበላሻል። በ1760ዎቹ ዓመታት በሎይድ ቤት ውስጥ ቁማር ተስፋፋ፤ በታመመ ታላቅ ሰው ሞትና ሕይወት ላይ ሳይቀር ይወራረዱ ጀመር። ስለዚህ ስማቸው እንዳይጐድፍ የፈሩት ነጋዴዎች በ1769 ዓ.ም. ተለይተው ወጡና ቶማስ ፊልዲንግ በተባለው አስተናጋጅ አማካይነት አዲስ ቤት አስከፈቱ። በ1771 ዓ.ም. 79 ሰዎች እያንዳንዳቸው 100 ፓውንድ አዋጥተው ኮሚቴ መረጡ፤ በ1774 ዓ.ም. ሮያል ኤክስቼንጅ በተባለው ሕንፃ ውስጥ ክፍል ተከራዩ። ከዚያ ወዲያ የቡና ቤት ደንበኞች መሆናቸው ቀርቶ የቤታቸው ጌቶች ሆኑ። የሎይድ የኢንሹራንስ ገበያ እስከ ዛሬ ድረስ በሎንዶን ይሠራል፤ የቤቱ አገልጋዮችም የጥንቱን ቡና ቤት ለማስታወስ «አስተናጋጅ» ይባላሉ።

እውነቱን ሁሉ ለመናገር ግን ይህ ገበያ ጥቁር ነውርም አለበት። አፍሪካውያንን በባርነት ጭነው ለሚሄዱ መርከቦች ዋስትና የተሰጠው በዚሁ ቤት ነበር፤ የገበያውም ድርጅት በ2020 ዓ.ም. ስለዚህ በደል በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ሰዎች አብረው መሥራታቸው ኃይልን ይሰጣል፤ ኃይሉ ለበጎ ወይም ለክፉ መዋሉ ግን በሰዎቹ ሕሊና ላይ የተመሠረተ ነው።

ይህ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የዕቁብ ማኅበር የሚጸናው በፍርድ ቤት ብርታት ሳይሆን አባላቱ እርስ በርሳቸው በመተዋወቃቸው ነው። በሽሮ ሜዳ ጐን ለጐን ጥበብ የሚሠራውም ሸማኔ፥ ሸማው የራሱ ቢሆንም የፈትሉን ዋጋ የሚሰማው ከጐረቤቱ ነው። በዘመናችንም በ2005 ዓ.ም. ብራድ ኑበርግ የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፥ ለየብቻቸው የሚሠሩ ሰዎች አብረው የሚውሉበት ክፍል ከፈተ፤ በመጀመሪያ የመጣለት አልነበረም፥ በኋላ ግን ምሳሌው በብዙ አገር ተከተለ። በአዲስ አበባም ዛሬ እንደዚህ ያሉ የጋራ የሥራ ቤቶች ይገኛሉ።

እንግዲህ ሥራ ለመጀመር ያሰባችሁ አንባብያን፥ የሥራ ቦታ ስትመርጡ የኪራዩን መርከስ ብቻ አትመልከቱ፤ አጠገባችሁ የሚቀመጠው ማን እንደ ሆነም ጠይቁ። በገባችሁበትም ቤት ወሬ ለመቅዳት ብቻ ሳይሆን ወሬ ለመስጠት፥ ምስክር ለመፈለግ ብቻ ሳይሆን ለሌላው ምስክር ለመሆን ተዘጋጁ። የሎይድ ቤት ነጋዴዎች ከአንድ ቤት ቡና ቢጠጡም እያንዳንዳቸው የፈረሙት በገዛ ስማቸው ነበር፤ በጉዳትም ቀን የፈረሙትን መክፈል ግድ ሆነባቸው።