የአንድ ዶላሯ ሣጥን

ፎቶግራፍ ማንሣት ለረጅም ዘመን የባለጸጋ ወግ ነበር። ጆርጅ ኢስትማን እ.ኤ.አ. በ1888 ያወጣው የመጀመሪያው ኮዳክ እንኳ 25 ዶላር ያወጣ ነበር። በ1900 ግን ከዚያው ቤት ብራውኒ የተባለች የካርቶን ሣጥን በ1 ዶላር ለገበያ ቀረበች፤ ስድስት ምስል የሚይዘው ፊልሟም 15 ሳንቲም ነበር። ሌንሷ ተራ ነውና ደማቅ ፀሐይ ትሻለች።

የልጅ መጫወቻ ብሎ የናቃት ግን ተሳሳተ። በሚያዝያ 1912 ከታይታኒክ የተረፉትን በታደገችው በካርፓቲያ መርከብ ላይ የነበረችው የ17 ዓመቷ ካናዳዊት በርኒስ ፓልመር የተራፊዎቹን ምስል ያስቀረችው በብራውኒ ነው። በ1916 ደግሞ የ14 ዓመቱ አንሰል አዳምስ ዮሰሚቲን መጀመሪያ ያየባት መስኮት ከዚሁ ወገን ነበረች።

ኪሱ ሳስቶ ካሜራ ለሚያማርጥ ጀማሪ ከዚህ የሚቀር ምክር አለ። የመሣሪያው ዋጋ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ ለኢስትማንም ትርፉ ከሣጥኗ ይልቅ ከፊልሙ ነበር። ስለዚህ ያገለገለ ካሜራ ከአንድ ሌንስ ጋር ይበቃል። የተረፈው ገንዘብ ለመንገድ ይሁን፤ ካርፓቲያ ላይ የተገኘው ምስል የተገኘው ካሜራዋን የያዘች ልጅ እዚያ ስለነበረች ነውና።