ካሜራ የያዘው በሬ

እ.ኤ.አ. በ1900 እንግሊዛውያኑ ወንድማማቾች ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን ውስጡ ባዶ የሆነ በሬ ነበራቸው። ቆዳው የእውነት ነው። ካሜራ ይዘው ሆዱ ውስጥ ይገባሉ፣ ሜዳ ላይ ይቆማሉ፣ ወፎቹ በሬ መስሏቸው እስኪጠጉ ይጠብቃሉ። ታሪኩ ያስቃል፤ እኔም ስቄያለሁ። ከሳቁ በኋላ ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ቴሌፎቶ ሌንስ እኮ ያኔ ተፈልስፏል! ሰው ከሩቅ ማንሳት እየቻለ ለምን በሬ ውስጥ ይገባል?

ዓመቱን አየሁት፦ 1891። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ዳልማየር፣ ጀርመኖቹ ሚቴና ሽታይንሃይል በየፊናቸው ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ደረሱ። ከፊት ብርሃን የሚሰበስብ መስታወት፣ ከኋላ ደግሞ የሚበትን። የኋለኛው ምስሉን ያሰፋዋል፤ ሌንሱም ከትኩረት ርዝመቱ ያጠረ ይሆናል። ቆንጆ ዲዛይን ነው። ችግሩ ሂሳቡ ላይ ነው፦ ምስሉን ሁለት እጥፍ ስታሰፋው አራት እጥፍ ይደበዝዛል፣ ሦስት እጥፍ ስታሰፋው ዘጠኝ። የዘመኑ የመስታወት ፕሌት ደግሞ ብርሃን ቶሎ አይቀበልም። ወፏ እስክትነሳልህ ቆማ አትጠብቅህም።

ስለዚህ ቼሪ በ1892 ያነሳው ዝነኛ ፎቶ ዕንቁላል ያለበት የወፍ ጎጆ መሆኑ አይገርመኝም። ጎጆ አይንቀሳቀስም። የጎደለው ብርሃን እንጂ ቅርበት አልነበረም፤ ብርሃን ስላልነበራቸው ቅርበትን ከፈሉ።

አንዳንዱ ክፍያ ከባድ ነበር። ኤሪክ ሆስኪንግ የተባለው እንግሊዛዊ ፎቶ አንሺ ገና ሠላሳ ሳይሞላው በ1937 ዌልስ ውስጥ ጉጉት ሊያነሳ ጎጆዋ አጠገብ መደበቂያ ሠራ። ጉጉቷ በጨለማ መጥታ ፊቱን መታችው፤ የግራ ዓይኑን አጣ። የሕይወት ታሪኩን በ1970 ሲያሳትም ርዕሱን ከዚያው ዓይን ወሰደ። ሰዎች ይህን የጀግንነት ታሪክ አድርገው ያወሩታል፤ ለእኔ ግን ጉጉቷም ጎጆዋን እየጠበቀች ነበር።

ዛሬ ሌንስ ለመግዛት የሚጠይቀኝ ጓደኛ ሁሉ "ስንት ሚሊ ሜትር?" ይላል። ጥያቄው ግማሽ ነው። 600 ሚሊ ሜትር ኤፍ/4 ሌንስ ብርሃን የሚያስገባበት ቀዳዳ 150 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ዋጋውም ክብደቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። ካኖን በ2020 ያወጣው 600 ኤፍ/11 ግን 55 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ ክብደቱም 930 ግራም። ልዩነቱ ሦስት ስቶፕ፣ ማለትም ስምንት እጥፍ ብርሃን ነው። ሲወጣ ብዙዎች አላገጡበት። እኔ ግን የ1891ዱ ሐሳብ በርካሽ የተመለሰ መስሎኛል፤ ያኔ ፕሌቱ ያልቻለውን አሁን ሴንሰሩ ይሸከማል።

እስከ ምን ድረስ? ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ አይ ኤስ ኦ 800 ላይ፣ በኤፍ/11 የሻተር ፍጥነት 1/1600 ሰከንድ ገደማ ታገኛለህ። አዲስ አበባ ላይ በቀትር ለሚያንዣብብ ጭልፊት በቂ ነው። ወፏ ጥቅጥቅ ያለ ጽድ ውስጥ ከገባች ግን ስምንት እጥፉ እዚያው ያልቃል፤ የእጅህን መንቀጥቀጥ የሚያስተካክለው ማረጋጊያም የእሷን መንቀጥቀጥ አያቆምልህም።

ያኔ ምርጫው ሁለት ነው። ወይ ለሰፊው መስታወት የመኪና ያህል ገንዘብ ማውጣት፣ ወይ ዝም ብሎ መሬት ላይ መቀመጥ። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ወፏ በፎቶው ላይ የምትይዘው ቦታ አራት እጥፍ ያድጋል፤ ይህን የሚሰጥ ሌንስ በብር ርካሽ አይደለም። እኔ ውኃ ዳር፣ ጥሬ የሚለቀምበት ሜዳ ዳር እቀመጣለሁ፣ መምጣት አለመምጣቱን ለእሷ እተዋለሁ። ጎጆ ካየሁ ግን ተነስቼ እሄዳለሁ።