የቦውሊንግ ሌን ዘይት

የቦውሊንግ ሌን ዘይት ኳሱ በሚንከባለልበት ሌን ላይ በስሱ የሚቀባ ቅባት ነው። መጀመሪያ የሚቀባው እንጨቱን ከኳሱ ፍትጊያ ለመጠበቅ ነበር፤ በዛሬው ውድድር ግን የጨዋታውን ስልት ከሚወስኑ ዋና ነገሮች አንዱ ሆኗል። ዘይቱ ለዓይን እምብዛም አይታይም፤ በየውርወራውም ይለወጣል። ስለዚህ ተጫዋቹ የሌኑን ሁኔታ የሚረዳው የኳሱን አካሄድ በመከታተል ነው።

የዘይቱ አቀባብ

ከፋውል መስመር እስከ ፊተኛው ፒን ያለው ርቀት 60 ጫማ (18.29 ሜትር) ነው። የሌኑ ስፋት 105 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን በ39 ጣውላዎች ይከፈላል። ዘይቱን የሚቀባው ማሽን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 45 ጫማ ድረስ ቀብቶ ወደ ፒኖቹ ያለውን ክፍል ደረቅ ይተወዋል። ኳሱ በዘይቱ ላይ ይንሸራተታል፤ ደረቁ ላይ ሲደርስ ሰበቃው ስለሚጨምር በሽክርክሪቱ ምክንያት ይታጠፋል።

በመዝናኛ ቤቶች ብዙ ዘይት የሚቀባው መሃሉ ላይ ሲሆን ዳርና ዳሩ ላይ ጥቂት ነው። ወደ ዳር የወጣን ኳስ ደረቁ ይመልሰዋል፤ ወደ መሃል የገባውን ደግሞ ዘይቱ ቶሎ እንዳይታጠፍ ይይዘዋል። በትልልቅ ውድድሮች ዘይቱ በስፋቱ ይበልጥ እኩል ስለሚቀባ ትንሽ ስህተትም ነጥብ ያስጥላል። በአሜሪካ የፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ማኅበር (ፒቢኤ) ንድፎቹን በእንስሳት ስም ይጠራል፤ ለምሳሌ «አቦሸማኔ» አጭር፣ «ሻርክ» ረጅም ንድፍ ነው።

ለመነሻ ግምት «የ31 ሕግ» ይጠቅማል። ከንድፉ ርዝመት በጫማ 31 ሲቀነስ ኳሱ ከዘይቱ ሲወጣ ሊገኝበት የሚገባው ጣውላ ይታወቃል። ንድፉ 40 ጫማ ከሆነ ከዳር 9ኛው ጣውላ ማለት ነው።

በጨዋታ መካከል የሚመጣ ለውጥ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተስፋፉት የሪአክቲቭ ሬዚን ኳሶች በገጻቸው ላይ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ዘይት ይመጥጣሉ። ብዙ ኳስ ያለፈበት መንገድ ስለሚደርቅ ኳሱ ቀድሞ መታጠፍ ይጀምራል። ዘይት የማይመጥጡ የፕላስቲክ ኳሶች ግን ዘይቱን ወደ ደረቁ ክፍል ገፍተው ይወስዱታል፤ በዚህ ጊዜ ኳሱ ዘግይቶ ይታጠፋል።

የተጫዋቾች ምላሽ

በቀኝ እጁ የሚጫወት ሰው የሚያነጣጥረው በ1ኛውና በ3ኛው ፒን መካከል ነው። መንገዱ ሲደርቅ በደንብ የተወረወረ ኳስ እንኳ 1ኛውን ፒን ፊት ለፊት ይመታል፤ ይህም ተራርቀው የቆሙ ፒኖችን ሊያስቀር ይችላል። የተለመደው መፍትሔ መቆሚያንም ዒላማንም ወደ ግራ፣ ገና ዘይት ወዳለበት ማዛወር ነው። ብዙም የማይታጠፍ ኳስ መምረጥ ወይም ፍጥነት መጨመርም ይቻላል።

አስቸጋሪው ጥያቄ ጥፋቱ የውርወራው ነው ወይስ የዘይቱ የሚለው ነው። በአንድ መጥፎ ውርወራ ምክንያት ቦታ የቀየረ ሰው ደህናውን መንገድ ሊያጣ ይችላል፤ ለረጅም ጊዜ የጠበቀ ደግሞ ነጥብ ይጥላል። በተጨማሪም ተጋጣሚዎች በአንድ ጥንድ ሌን ላይ እየተቀያየሩ ስለሚጫወቱ የአንዱ ኳስ የሌላውን መንገድ ይለውጣል። ግራኞች ቁጥራቸው ጥቂት በመሆኑ የእነሱ ወገን ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው።

ደንብ

የአሜሪካ ቦውሊንግ ኮንግረስ ከነሐሴ ወር 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በውድድር ላይ ኳስን በፈሳሽ ማጽዳት ከልክሏል፤ የተፈቀደው በደረቅ ፎጣ መወልወል ብቻ ነው።